ለ8 ሜትር የተሠራች የእጅ ፓምፕ ከ17 ሜትር ውሃ እንድታወጣ ማድረግ

ፓምፗን የገዛሁት መርካቶ ነው፣ የጅማው መርካቶ። ያችን አጭሯን የብረት ፓምፕ ታውቋታላችሁ። አናቷ ክፍት፣ እጀታዋ ጎበጥ ያለ፣ ውሃ የምታፈስበት አፏ ከፊት ለፊት። ካርቶኗ ላይ 8 ሜትር ይላል። የእኛ ግቢ ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት በኩል ስለሆነ ጉድጓዳችን 21 ሜትር ነው። «ምን ችግር አለው፣ ቧንቧ እቀጥልበታለሁ» አልኩ። ቀጠልኩበት። ከላይ ውሃ ጨምሬ መታሁት፣ ደግሜ መታሁት። እጀታው ይከብዳል፣ ስለቀው ራሱ ብድግ ብሎ ይመለሳል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልም። ጎረቤታችን አባባ አጥሩን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ጉድጓዱን ነው የምታስተነፍሰው?» አሉኝ።

ነገሩ እንደዛው ነበር። ጉድጓዱን እያስተነፈስኩ ነበር።

እንግዲህ ይህንን ስህተት የሠራሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ካወቅኩ በኋላ፣ ያቺኑ ፓምፕ ሳልጥል እንዴት ለጥልቅ ጉድጓድ እንዳደረግኳት ልጻፍላችሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እምቢ እንዳለች። ይህን ካልተረዳችሁ ገንዘባችሁን የማይረዳ ነገር ላይ ታፈሳላችሁ፣ እኔ እንዳፈሰስኩት።

ፓምፕ ውሃ ይስባል እንላለን። አይስብም። የሚያደርገው ቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ማውጣት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃውን ወደ ቧንቧው የሚገፋው ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። አየር ደግሞ ጉልበቱ ልክ አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ድረስ ይገፋል፣ ከዚያ በላይ አንድ ስንዝር አይጨምርም። ጅማ ግን ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፣ አየሩ ሳሳ ይላል። እዚህ በሒሳብ የሚወጣው 8.4 ሜትር አካባቢ ነው። ያውም ፓምፑ ፍጹም ሆኖ፣ አንድም ቦታ አየር ሳያስገባ። በተግባር ፓምፑ ውስጥ ያለው የማሸጊያ ቆዳ ትንሽ ያሳልፋል፣ የቧንቧው መጋጠሚያ ትንሽ ያሳልፋል፣ ስለዚህ ጅማ ላይ 6 ሜትር፣ በጣም ጥሩ ሲሆን 6 ሜትር ተኩል ብላችሁ ያዙት። ካርቶኑ ላይ ያለው 8 ሜትር ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙ ሰው አይዋጥለትም። ቧንቧውን ብታወፍሩት፣ ብታቀጥኑት፣ እጀታውን ብታስረዝሙት፣ ሁለት ጎረምሳ አቁማችሁ ብታስመቱት ለውጥ የለውም። አንድ ሻጭ «ቀጭን ቧንቧ አድርግበት፣ ይወጣል» ብሎኝ ቀጭን ቧንቧ ሸጦልኛል። አልወጣም። እጀታው እየከበደ እየተመለሰ ካስቸገራችሁ ፓምፑ ተበላሽቶ አይደለም፣ ጥሩ እየሠራ ነው። አየሩ ነው ያለቀበት።

መፍትሔው አንድ ነው። ከላይ መሳብ ካልተቻለ ከታች መግፋት ነው። ማለትም ፒስተኑ (ወጣ ገባ እያለ ውሃውን የሚያነሳው ክፍል) እና ሲሊንደሩ (ፒስተኑ የሚንሸራተትበት ቱቦ) ከላይ፣ ከእጀታው ሥር መቀመጣቸው ቀርቶ ውሃው ውስጥ ይወርዳሉ፣ እጀታው ከላይ ይቀራል፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ረጅም ዘንግ በቧንቧው ውስጥ ያልፋል። ፒስተኑ ከላዩ ያለውን ውሃ ተሸክሞ ያነሳል፣ መሳብ የሚባል ነገር የለም። በየገጠሩ ቀበሌ የምታዩአቸው አፍሪዴቭና ኢንዲያ ማርክ ሁለት የሚባሉት ፓምፖች ሁለቱም በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት። አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር ድረስ ይወርዳል። እኛ የምናደርገው የዚያን ታናሽ ወንድም ነው።

መጀመሪያ ጉድጓዱን ለኩ

«ጉድጓዴ 21 ሜትር ነው» ማለት ብዙም ትርጉም የለውም። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ቁጥር ነው፦ ውሃው የሚጀምርበትና ጉድጓዱ የሚያልቅበት። ቀጭን የናይለን ገመድ ጫፍ ላይ ትልቅ ቡሎን እሰሩና በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉበት። ስታወርዱት ቡሎኑ ውሃውን ሲነካ ድምፁ ይሰማል፣ መሬት ሲነካ ደግሞ ገመዱ ይላላል። የረጠበውንና የደረቀውን ቆጥሩ።

መለካት ያለባችሁ በበጋ ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል። የእኛ ጉድጓድ በመስከረም ውሃው 11 ሜትር ላይ ነው። በየካቲት መጨረሻ 17 ሜትር ይደርሳል። በመስከረም ለክቼ ብሠራ ኖሮ በጥር ደረቅ ፓምፕ እመታ ነበር። ክረምት ላይ ቆማችሁ የምታነቡት ከሆነና መቸኮል ካለባችሁ፣ ጉድጓዱን የቆፈረውን ሰው ወይም ከጎረቤት በገመድና በባልዲ የሚቀዱትን እናቶች ጠይቁ። በጋ ላይ ገመዱ ስንት ክንድ እንደሚጨምር ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ፣ ትከሻቸው ያውቃል።

ሲሊንደሩ የሚቀመጠው ከበጋው የውሃ ልክ አንድ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። የማጥለያው (ከሲሊንደሩ ሥር ውሃው የሚገባበት ወንፊት) ጫፍ ግን ከጉድጓዱ መሬት ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ የጅማን ቀይ ጭቃ ነው የምትጠጡት፣ ቆዳውንም አሸዋው በወር ይበላዋል። በእኛ ጉድጓድ ውሃው 17፣ ሲሊንደሩ 19፣ ማጥለያው 20፣ መሬቱ 21። ልክ ልክ ነው፣ ትርፍ የለውም። እናንተ ዘንድ በበጋ የሚቀረው ውሃ ከሁለት ሜትር በታች ከሆነ ፓምፑን ተዉትና መጀመሪያ ጉድጓዱን በባለሙያ አስጠልቁ።

ክብደቱን ሳታሰሉ ምንም አትግዙ

ፒስተኑ የሚያነሳውን ክብደት ማወቅ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን የውስጥ ስፋት በሴንቲ ሜትር ለኩ፣ በራሱ አባዙት፣ በ0.785 አባዙት። ከዚያ ከውሃው ልክ እስከ ፓምፑ አፍ ባለው ከፍታ፣ በሜትር፣ አባዙና ለ10 አካፍሉ። የሚወጣው ኪሎ ነው። ልብ በሉ፣ ከፍታው የሚለካው ከውሃው ነው እንጂ ከሲሊንደሩ አይደለም፤ ሲሊንደሩን ሁለት ሜትር ውሃ ውስጥ ብታሰጥሙት ክብደት አይጨምርባችሁም፣ የጉድጓዱ ውሃ ራሱ ይደግፈዋል። የቧንቧው ውፍረትም እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

የእኔ ፓምፕ የራሷ ሲሊንደር 7.5 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለ18 ሜትር (17ቱ ጉድጓድ፣ አንዱ ከመሬት በላይ) ሲሰላ 80 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ሰው በእያንዳንዱ ምት ማንሳት ነው! በ5 ሴንቲ ሜትር ሲሊንደር ግን 35 ኪሎ። ስፋቱ በአንድ ሦስተኛ ቀነሰ፣ ክብደቱ ከግማሽ በታች ሆነ። ለዚህ ነው አፍሪዴቭ 5 ሴንቲ ሜትር የሚጠቀመው። ጉድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ሲሊንደሩ መጥበብ አለበት፣ ሰው ግን ብዙ ውሃ ይወጣል ብሎ ያሰፋዋል።

በዚያ ላይ ዘንጉ አለ። 10 ሚሊ ሜትር ለስላሳ ብረት በሜትር 0.617 ኪሎ ነው። 19 ሜትሩ 12 ኪሎ አይሞላም፣ ውሃ ውስጥ ሲሆን ደግሞ 10 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ድምሩ 45 ኪሎ። የእጀታው አጭር ክንድ ከረጅሙ ጋር ሲነጻጸር አንድ ለአራት ከሆነ እጃችሁ ላይ የሚደርሰው 11 ኪሎ፣ ከመፋተጉ ጋር 13 በሉት። የአሥር ዓመቷ የእህቴ ልጅ ትመታዋለች፣ እየተነጫነጨች ቢሆንም።

ስንት ውሃ ይወጣል ለሚለው፣ በ20 ሴንቲ ሜትር ምት አንዱ ምት ከሊትር በታች፣ 0.39 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ50 እስከ 55 ምት ይሞላል፣ በደቂቃ 40 ብትመቱ ደቂቃ ከሩብ ገደማ። ለቤት በቂ ነው። ቡና ለማጠብ ወይም አትክልት ለማጠጣት ካሰባችሁት ግን አይሆንም፣ ክንዳችሁ ይወልቃል።

ሲሊንደርና ፒስተን

እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አላችሁ፣ እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

የመጀመሪያው ራስ መሥራት ነው። ወፍራም የግፊት ፒቪሲ ቱቦ ቆርጬ፣ ቶርኖ ቤት ከነሐስ ፒስተን አስወጥቼ፣ ከበሬ ቆዳ ስኒ የመሰለ ማሸጊያ ሠራሁለት። የቆዳውን ነገር ላስረዳ፣ ጥሩ ስለሆነ። ከሶስት እስከ አራት ሚሊ ሜትር የሚወፍር የለፋ ቆዳ ክብ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፣ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ታሳድሩታላችሁ፣ በማግስቱ በሲሊንደሩ ልክ በተቦረቦረ እንጨት ውስጥ በሌላ ድቡልቡል እንጨት ትጫኑትና እንዲደርቅ ትተዉታላችሁ። ሲደርቅ ስኒ ይሆናል። ከዚያ ለብ ባለ ሞራ ውስጥ ይነከራል። ሲገጠም የስኒው አፍ ወደ ላይ ነው፤ ውሃው ሲጫነው ጠርዙ ወደ ጎን ተገፍቶ ሲሊንደሩን ይይዛል። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁት አንድ ጠብታ አይወጣም። አንዴ ገልብጬዋለሁ፣ እመኑኝ።

የእኔ ቆዳ ሰባት ወር ሠራ። ያጠፋው ቆዳው ሳይሆን ፒቪሲው ነው፤ አሸዋ ገብቶ የውስጡን ግድግዳ ቦጨቀው። ስለዚህ ሁለተኛውን ምርጫ ነው የምመክረው። የአፍሪዴቭን ሲሊንደር፣ ፒስተንና የታች ቫልቭ (ውሃ አስገብቶ ተመልሶ እንዳይወርድ የሚዘጋውን) ብቻውን ግዙ። ሙሉውን ፓምፕ መግዛት አያስፈልግም። የፓምፑ ንድፍ ለማንም ክፍት ስለሆነ ብዙ አምራች ይሠራዋል፣ መለዋወጫውም እንዲሁ። ሲሊንደሩ ውስጡ በብረት የተለበጠ ነው፣ ማሸጊያው ጎማ ነው፣ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆች ካላችሁበት ከተማ ከሌሉ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ማስላክ ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩለት ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሊንደሩ ከላይ ካለው ቧንቧ ይጠባል። ስለዚህ ማሸጊያው ሲያልቅ ቧንቧውን መንቀል የለባችሁም፤ ዘንጉን ብቻ ስባችሁ ፒስተኑን በቧንቧው ውስጥ ታወጡታላችሁ፣ የታች ቫልቩም በዘንጉ ተጠምዶ ይወጣል። ራሳችሁ ስትሠሩም ይህን ሕግ አትጣሱ፦ ቧንቧው ከፒስተኑ መስፋት አለበት። ቀጭን ጋልቫናይዝድ ቧንቧ አድርጋችሁ ሲሊንደሩን ከሥሩ ወፍራም ካደረጋችሁት፣ የሁለት ብር ጎማ ለመቀየር በእያንዳንዱ ጊዜ 20 ሜትር ብረት ከጉድጓድ ማውጣት ነው። አራት ሰው፣ ግማሽ ቀን፣ ምሳም ማብላት አለ።

ቧንቧው

63 ሚሊ ሜትር የግፊት ፒቪሲ ተጠቀምኩ። የፍሳሽ ፒቪሲ እንዳትገዙ። ቀለሙ ሊያሳስታችሁ ይችላል፣ ዋጋውም ይስባል፣ ግን ስስ ነው፣ መጋጠሚያው በየምቱ እየተመታ ይለቃል። ከቱቦው ጎን የተጻፈውን የግፊት መጠን አንብቡ፣ ከ10 ባር ያላነሰ ይሁን።

ማጣበቂያው ላይ ትዕግሥት። ሁለቱንም ጫፍ በሸካራ ወረቀት አሹት፣ አድርቁት፣ ቀቡት፣ አስገብታችሁ ሩብ ዙር አሽከርክሩት። ከዚያ ጠብቁ። በክረምት የጅማ እርጥበት ውስጥ ቶሎ አይደርቅም። እኛ አልጠበቅንም። አራተኛውን ቧንቧ አጣብቀን ሳይይዝ ማውረድ ጀመርን፣ መጋጠሚያው ላላ፣ 9 ሜትር ቱቦ ከነሲሊንደሩ ወርዶ ውሃው ውስጥ ገባ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ፌሮ አጥፈን መንጠቆ ሠርተን ሦስት ሰዓት ስናጠምድ ዋልን። አባባ አጥሩ ላይ ነበሩ። «ዓሣ አለው እንዴ?»

ስለዚህ፦ የሲሊንደሩ ሥር ላይ ወፍራም የናይለን ገመድ እሰሩ፣ ገመዱ ከቧንቧው ጋር አብሮ ይውረድ፣ በየሦስት ሜትሩ ከቧንቧው ጋር ይታሰር፣ ላይ ደግሞ ከጠንካራ ብረት ጋር ይቋጠር። ቧንቧው ቢለቅ ገመዱ ይይዘዋል። የጉድጓዱ አፍ ሰፊ ከሆነ ቧንቧው እንዳይወዛወዝ መሃል ላይ አንድ ሁለት ቦታ በብረት ቅንፍ ይደገፍ፣ ቅንፉን ግን ጉድጓዱ ሲቆፈር ካልገጠማችሁት ወርዳችሁ ለመግጠም አታስቡ። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ዘንጉ

ዋናው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው። የቤት ግንባታ ፌሮ አትጠቀሙ። ጎርባጣው ቧንቧውን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ለስላሳውን ክብ ብረት፣ ከተቻለ የማይዝገውን፣ በሦስት ሦስት ሜትር ቁረጡት። ለምን ሦስት? ቆሞ ያለ ሰው ከጉድጓድ ሲያወጣ እጁ የሚደርስበት ልክ ስለሆነ ነው። ስድስት ሜትር ዘንግ ሲወጣ ያጎነብሳል፣ ያጎነበሰ ዘንግ ተመልሶ ቀጥ አይልም።

ዘንጎቹን የሚያገናኝ ረጅም ዳዶ በቶርኖ አስወጡ፣ ከሥሩና ከላዩ ማጥበቂያ ዳዶ ይኑረው። ጥርሱ የወጣበት ቦታ ቀጭን ነው፣ ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የመጨረሻው ጥርስ ላይ ነው። ለዚህ ነው ጥርሱ በሙሉ ዳዶው ውስጥ መግባት ያለበት፣ ውጭ የሚታይ ጥርስ ካለ እዚያ ጋ ይሰበራል። በብየዳ እናያይዘው የሚሉ አሉ። በያጁ ጋሼም እንደዛ ብሎኝ ነበር፣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ግን ከተበየደ በኋላ እንዴት ነው 19 ሜትር ዘንግ በአንዴ የሚወጣው? መቁረጥ ሊኖርባችሁ ነው።

በየዘንጉ መሃል ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣ ጎን ጎኑ ውሃ የሚያሳልፍ ክብ ጎማ አስገቡበት። ዘንጉን ከቧንቧው መሃል ይይዘዋል። ይህን ባለማድረጌ የመጀመሪያው ወር ላይ ጉድጓዱ ውስጥ የሆነ ሰው የሚያንኳኳ ይመስል ነበር፣ እናቴ ማታ ማታ በግቢው አታልፍም ነበር።

ላይኛው ክፍል

የድሮዋን ፓምፕ እዚህ ነው የምንጠቀምባት። የውስጧን ቆዳና የሥሯን ቫልቭ አውጥታችሁ ጣሉ። አሁን ባዶ ጣሳ ነች፣ ውሃው ከታች ይመጣል፣ በአፏ ይወጣል። ከቧንቧው ጋር በአራት ቡሎን በሚፈታ ላሜራ አያይዟት፣ ምክንያቱም ፒስተኑ በእሷ ጠባብ ቀዳዳ አያልፍም፤ ለጥገና ቡሎኖቹን ፈታችሁ ታነሷታላችሁ። ከ10 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ወፍራም ላሜራ ይሁን። ቧንቧውን፣ የታችኛውን ዕቃና ውስጡ ያለውን ውሃ ተሸክሞ የሚቆመው እሱ ነው።

እጀታዋን ግን አትጠቀሙ። ለስምንት ሜትር የተሠራ፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ እንደ ሸክላ ነው የሚሰበረው። የእኔ በሁለተኛው ሳምንት ተሰብሮ ከንፈሬን መታኝ። በላሜራና በወፍራም ቱቦ አዲስ ማስሠራት ነው፦ ዘንጉን የሚያነሳው አጭሩ ክንድ 20 ሴንቲ ሜትር፣ የምትይዙት ረጅሙ 80። መዞሪያው ላይ ኩሽኔታ ይግባበት፣ የወፍጮ ቤትም የሞተር ብስክሌትም አሮጌ ኩሽኔታ ይሆናል። ባዶ ቡሎን ካደረጋችሁበት በሦስት ወር ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል። በየሁለት ወሩ ግራሶ።

አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። 20 ሴንቲ ሜትር ክንድ ሲወጣና ሲወርድ ጫፉ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ቅስት ነው የሚሠራው። ለ20 ሴንቲ ሜትር ምት ጫፉ ወደ ጎን 2.7 ሴንቲ ሜትር ይሸሻል። ዘንጉን በቀጥታ ከክንዱ ጋር ካያያዛችሁት በየምቱ ያን ያህል ይታጠፋል፣ በቀን ሺህ ጊዜ። እኔ ዘንድ መጀመሪያ አናቷ ላይ ያደረግኩትን ክዳን በላው፣ ቀጥሎ ዘንጉ ራሱ ተሰበረ። መፍትሔው በክንዱና በዘንጉ መካከል ሁለቱም ጫፉ ላይ የሚታጠፍ አንድ ስንዝር ተኩል የምትሆን ማያያዣ ማስገባት ነው፣ ከእሷ በታች ዘንጉ በነሐስ ቀለበት ውስጥ ቀጥ ብሎ ይንሸራተታል። ያቺን ማያያዣ ካደረግኩ ወዲህ ዘንግ አልሰበርኩም።

ፓምፑን ስትተክሉ ምቱ ሲያልቅ ፒስተኑ የታች ቫልቩን እንዳይመታ አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። ለማወቅ ዘንጉን እስኪነካ አውርዱት፣ ምልክት አድርጉ፣ አምስት ሴንቲ ሜትር አንሱና ያኔ እጀታው ላይ እሰሩት። መጀመሪያ ቀን ውሃው እላይ እስኪደርስ 115፣ 120 ምት ይፈጃል፣ ቧንቧው መሙላት አለበት። እኔ 60 ላይ ተስፋ ቆርጬ ቁጭ ብዬ ነበር። በኋላ ግን ቫልቩ ስለሚይዘው ጠዋት በመጀመሪያው ምት ይመጣል። ጠዋት ጠዋት ብዙ መምታት ከጀመራችሁ የታች ቫልቩ እያሳለፈ ነው። ውሃው እየመጣ ግን እየሳሳ ከሄደ የፒስተኑ ማሸጊያ ነው። እጀታው ድንገት ከቀለለና ምንም ካልመጣ ዘንጉ ተሰብሯል ማለት ነው።

ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ

ቅንፍ ለመግጠም፣ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት፣ ለምንም። ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አየሩ ይበከላል፣ ሽታ የለውም፣ ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቀው ሳያውቀው ነው፣ ሊያወጣው የሚገባውም ሁለተኛው ሰው አብሮ ይቀራል። ጄኔሬተር ወይም የነዳጅ ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ማስነሳት ደግሞ በቀጥታ መርዝ መልቀቅ ነው። ዕቃው ይቅር፣ በመንጠቆ ካልወጣ ይቅር።

ንጽሕናውን በአጭሩ። ጉድጓዱ በኮንክሪት ይከደን፣ ዙሪያው ውሃ የሚያሸሽ የሲሚንቶ መደብ ይኑረው፣ መጸዳጃ ቤት ከ30 ሜትር ያላነሰ ይራቅ፣ ያውም ከጉድጓዱ በታች በኩል። ዳገት ላይ ለምንኖር ሰዎች ይህ የመጨረሻው ቃል ቀላል አይደለም፣ ከላያችን ያለው ጎረቤት መጸዳጃ የት ጋ እንደሆነ ማየት አለብን።

ሥራው ሲያልቅ፣ እጅም ቆዳም ግራሶም ስለገባበት፣ በበረኪና ታጠቡታላችሁ። አምስት በመቶ የሆነ ተራ በረኪና፣ ሽቶ የሌለው፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ሊትር። ጉድጓዱ አንድ ሜትር ስፋትና አራት ሜትር ውሃ ካለው 3,000 ሊትር ገደማ ነው፣ ሦስት ሊትር በረኪና። ጨምራችሁ በረኪናው በአፏ እስኪሸት ምቱ፣ ከዚያ ሌሊቱን ተዉት። በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ እየመታችሁ ድፉት፣ አትክልት ላይ እንዳይሆን። እኔ ያን ቀን የሰፈሩን ልጆች በተራ አስመታኋቸው፣ ጨዋታ መስሏቸው ነበር፣ ከሰዓት በኋላ ግን አንድም አልቀረ።

45 ሜትርን ካለፈ ጉድጓድ ጋር ይህን አትሞክሩ። ጉድጓዳችሁ ክፍት ሆኖ ከ20 ሜትር ካልበለጠ ደግሞ የገመድ ፓምፕ ከዚህ ይረክሳል፣ ማንም ይጠግነዋል። እኔ ፓምፗን ገዝቼ ስለነበር፣ እልህም ስለያዘኝ ነው። አባባ አሁን ጠዋት ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ 53 ምት ነው ይላሉ፣ ይቆጥራሉ።